በብልቃጥ የመጣ ድንጋጤ

በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ የከብት ሐኪም ከዳንግላ መጥቶ ከዘንገና ሐይቅ በላይ ባለው ሜዳ ሊከትብ ነው ተባለ። ሐኪሙ የሸዋ ሰው ነው፤ የእኛን ቋንቋ፣ አውኚን፣ አይሰማም። የእኛ ሽማግሌዎች ደግሞ አማርኛ የሚናገሩት ለዳኛና ለገበያ ነው፤ የከብታቸው ነገር ሲሆን በአውኚ ካልተናገሩት አንጀታቸው አይርስም። ስለዚህ አስተርጓሚ ተፈለገ። እኔ ያኔ ትምህርቱን ትቼ፣ እርሻውንም ሳልይዝ፣ ከቆሰበር ዳንግላ ከዳንግላ ቆሰበር ስመላለስ የምውል ጎረምሳ ነበርሁ። ግጥም እጽፋለሁ ብል ሥራ ነው የሚለኝ የለም። እሺ አልሁ።

የሚከተበው ደስታ ለሚባለው በሽታ ነው። በረት ሙሉ ከብት የሚፈጅ በሽታ ምን ሆኖ ደስታ ተባለ ሲል ሐኪሙ ጠየቀኝ። ክፉ ነገር በስሙ ከጠሩት አቤት ብሎ ይመጣል፤ ስለዚህ እያቆላመጡ ያሳልፉታል አልሁት። ሳቀና መርፌውን መቀቀል ጀመረ።

ከቀርከሃ ጠባብ መተላለፊያ ተሠርቷል። ከብቱ በአንዱ ጫፍ ይገባል፣ መርፌውን ይቀበላል፣ በሌላው ጫፍ ይወጣል። እስከ ረፋድ ድረስ ነገሩ ሁሉ ቀና ነበር። ኋላ አክስቴ፣ ዳለቻውን በሬዋን እየነዳች መጣች።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት በሬ እሱ ብቻ ነው። የባሏ ወንድም፣ ዋርሳዋ፣ በሬዋን ከራሱ በሬ ጋር አቀናጅቶ ያርስላታል፤ ገብሱ ግን የራሷ ነው። በሬው ከሌለ መሬቷን ለዋርሳዋ በእኩል፣ ምርቱን በግማሽ ሊካፈሉ፣ ከመስጠት ሌላ መንገድ የላትም። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል፣ ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። የሚያነሣው ግን የለም።

በሬው መርፌውን ተቀብሎ ወጣ። ጥቂት እንደ ሄደ ቆመ። የዓይኑ ቆብ አበጠ፣ ለሃጩ ተዝረከረከ፣ ጉልበቱ ታጠፈና በጎኑ ወደቀ። ትንፋሹ እንደ ተቀደደ ወናፍ ይጮኽ ጀመር።

በእኛ አገር ወድቆ የሚያጣጥር ከብት የሚጠብቀው ቢላ ነው። በራሱ የሞተ እንስሳ ጥንብ ነው፤ ክርስቲያን አፉ አያደርሰውም። ስለዚህ ነፍሱ ሳትወጣ በስመ አብ ብሎ ማረድ ነው። ሥጋው በመደብ ለጎረቤት ይከፋፈልና ባለቤቱ ከጉዳቱ ትንሽ ያገግማል። ደግ ጎረቤት የሚባለውም ቢላውን ይዞ ቀድሞ የደረሰው ነው። ዋርሳዋ ከሰገባው መዞ ሲሮጥ ከክፋት አልነበረም። ሁለት ሰዎች ቀንዱን ይዘው አንገቱን ወደ ምሥራቅ መለሱት።

ሐኪሙ ከሣጥኑ ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ አወጣ። አንገቷን በጣቱ ቀጭ አድርጎ ሰበረ፣ ውስጧ ያለውን በመርፌ ስቦ በሬውን ከአንገቱ ሥር ወጋው። አንዳንዱን ከብት ክትባቱ አይስማማውም፣ ይህ ይመልሰዋል፣ ትንሽ ታገሡ በላቸው አለኝ። ተናገርሁ። ትንሽ ማለት እስከ መቼ ነው አለ ዋርሳዋ። ሐኪሙ ዓይኑን ከበሬው ሳይነቅል፣ ቁርጡን አላውቅም አለ። ይህንንም ሳላሳምር ተረጎምሁት።

አንድ ሽማግሌ መድኃኒቱ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ሐኪሙ አድሬናሊን ይባላል አለ። ይህን በአውኚ ምን ብዬ ልበለው? ምን እንደሆነ ይንገሩኝ አልሁት። እሱም፣ ፍጥረት ሁሉ ሲደነግጥ ከኩላሊቱ አናት ካለች እጢ የሚረጨው ነገር ነው፤ ልብ ያስሮጣል፣ የትንፋሽ መንገድ ይከፍታል፤ በሬው ጅብ ቢያይ ራሱ ያመነጨው ነበር፣ አሁን እኛ ከውጭ ጨመርንለት አለኝ። እኔ አሳጥሬ፣ «ድንጋጤ ነው» አልኋቸው።

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። «ድንጋጤ ከባሕር ማዶ ይመጣል እንዴ?» አሉ ሽማግሌው። «እኛ ዘንድ መች ጠፋ። ጭቃ ሹሙ ደጃፍ ሂድ፣ በነጻ ነው።»

ሌላው ደግሞ ድንጋጤ ሲገድል እንጂ ሲያድን አላየሁም አለ።

ሳቁ ሳይበርድ የበሬው ቆዳ ከትከሻው እስከ ታፋው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዓይኑ ፈጠጠ፣ እግሩ አየሩን መታ። ሐኪሙ መድኃኒቱ እየሠራ ነው አለ። ሰዉ ግን እንዲህ ያለውን መንቀጥቀጥ የሚያውቀው በሞት ነው።

«ነፍሱ እየወጣች ነው» አለ ዋርሳዋ፤ ቢላውን ከጉሮሮው ላይ አድርጓል። «እቴ፣ አሁን ካልሆነ ሥጋውም ቀረ።»

ባለቤቱ ይታረድ ሳይል ማንም አይቆርጥም። ሁሉም ወደ አክስቴ ዞረ። እሷ ከበሬው ራስ አጠገብ ተንበርክካ ጆሮውን በመዳፏ ይዛ ነበር። ጆሮው የቀዘቀዘ ከብት አይተርፍም ይባላል፤ ቀዝቅዞ እንደሆነ ግን አልተናገረችም። ሐኪሙንም አልጠየቀችውም። የጠየቀችው እኔን ነው።

«ልጄ፣ ሰውየው የሚያየው በሬውን ነው ወይስ ቢላውን?»

ሐኪሙን አየሁት። ጣቶቹ ከበሬው መንጋጋ ሥር የደም ሥሩን ይዘዋል፣ ዓይኑ ጎድኑ ላይ ነው፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ይቆጥር ነበር።

«በሬውን ነው» አልኋት።

«እንግዲያው ይቆይ» አለች። «ጥንብ ቢሆንም የእኔ ጥንብ ነው።»

 በፈረስ የመጡት ሰዎች ልጓማቸውን እንደ ያዙ ቆሙ። እኔ ከዚያ በፊት ድንጋጤን የምቆጥረው ከነውር ነበር፤ ስደነግጥ ፊቴን የምደብቅ ሰው ነኝ። ሐኪሙ እንዳለው ከሆነ ያ ነገር በዚያች ሰዓት በበሬው ብቻ ሳይሆን በአክስቴም ደም ውስጥ ይሮጥ ነበር፤ በዋርሳዋም፣ በእኔም። እኔን ሽሽ ሽሽ ይለኛል። ዋርሳዋን ቁረጥ ቁረጥ ይለዋል። እሷ ግን ጆሮውን እንደያዘች ተቀምጣለች። ስለ በሬው ሐኪሙ ነገረኝ፤ እሷን እዚያ ምን እንዳስቀመጣት የነገረኝ የለም፣ እስካሁንም ቃል አላገኘሁለትም።

መጀመሪያ የተለወጠው ድምፁ ነው። ወናፉ ረገበ። ትንፋሹ አሁንም ፈጣን ቢሆንም መንገድ አግኝቷል። ከዚያ በሬው ራሱን ከመሬት አነሣ፣ አነጠሰና ለሃጩን በአክስቴ ቀሚስ ላይ ረጨው። ጥቂት በደረቱ ተኝቶ ቆየ፤ ቀጥሎም የኋላ እግሮቹን አስቀድሞ፣ እየተንገዳገደ፣ ቆመ።

ዋርሳዋ ደም ያልነካውን ቢላ በጭኑ ላይ ግራና ቀኝ ጠረገና ወደ ሰገባው መለሰው። ሰዉ ለጊዜው ከብቱን ወደ ቀርከሃው ማስጠጋት ፈራ። ኋላ እኚያው ሽማግሌ፣ ሌላ ብልቃጥ መኖሩን አስጠይቀውኝ አለ ሲባሉ፣ ላማቸውን ነዱ።

አክስቴ በሬው መቼ ቀንበር እንደሚችል ጠይቅልኝ አለችኝ። ሐኪሙ እብጠቱ ጠፍቶ በደንብ እስኪበላ ይረፍ አለ። ስነግራት ወደ ዋርሳዋ ዞረች።

«ወንድምዬ፣ እስኪያገግም እንጠብቀዋለን። እርሻው ግን እንደ ዱሮው ነው።»

እሱ የበሬውን ጉልበት አየ።

«እንደ ዱሮው ነው» አለ።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከበሬው ሆድ ላይ ጭቃውን አራገፈለት። ሁለቱም በሬውን አስቀድመው፣ እሱ በሚችለው እርምጃ፣ ወደ ቤት የሚያደርሰውን የጥርባን መንገድ ያዙ።