ማቀዝቀዣው ከላይ ነው

ሰኞ ከቀትር በኋላ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አል-ሳሃፋ የሚገኘው ቤታችን መብራት ጠፋ። ካርቱም ውስጥ ሁላችንም ሙከየፍ የምንለው በውሃ የሚሠራ የአየር ማቀዝቀዣ ትንሽ አጉረመረመና ዝም አለ።

በማግስቱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ አነስተኛ የኒውክሌር ማብላያዎች ገለጻ ማድረግ ነበረብኝ። ባለፈው ተራዬ ሲደርስ ሰው ፊት መናገር ፈርቼ አሞኛል ብዬ ቀርቼ ስለነበር፣ አሁንም ካልተናገርኩ ኮርሱን እንደምደግም መምህሩ ነግረውኛል። ስለዚህ ጉሮሮዬ ተዘግቷል ልልና አንዲት ደፋር የክፍል ጓደኛዬ ልታነብልኝ ተስማምተናል። ቤት ውስጥ ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

ሙከየፍ ጠጋኙ አባቴ ምንጣፉ ላይ ጋደም አለ።

“በይ ኢንጂነር፣ ያላ፣ አስተምሪኝ። መቼም ከዚህ ቤት ሙቀት አይብስም።”

ወረቀቴን ይዤ ጀመርኩ። ማብላያው ሥራውን ቢያቆምም ሙቀቱ ወዲያው አይጠፋም አልኩት።

“እንደ እናትሽ ቁጣ በያ!”

“ሰምቼሃለሁ!” አለች እናቴ ከማድ ቤት።

በብዙዎቹ ትልልቅ ማብላያዎች ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ መብራት ይፈልጋል፤ በእነዚህ ትንንሾቹ ግን የሞቀው ውሃ ቀልሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ማቀዝቀዣ ገንዳ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይከብድና ይወርዳል፣ ማንም ሳይነካው ይዞራል አልኩት።

“ሞተር የለውም?”

“የለውም።”

“የሚቃጠል ሞተር ከሌለ እኔ ምን በልቼ ልደር ነው?”

እየሳቀ ለገለጻው የሳልኩትን የማብላያውን ሥዕል ተቀበለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ በማስመሪያ የደከምኩበት ነው። ጥቂት ካየው በኋላ ሳቁን ተወው።

“ማቀዝቀዣ ገንዳሽ ከማብላያው በታች ነው እንዴ?”

“ከላይ ቦታ ጠበበኝ…”

“የሞቀው ወደ ላይ ይሄዳል አላልሽም? ታዲያ ታች ድረስ ማን ይገፋዋል? እናትሽ?”

ደነገጥኩ። ጽሑፉን አምስት ጊዜ አርሜዋለሁ፤ ሥዕሉን አንድም ጊዜ ልብ ብዬ አላየሁትም። ለመምህሩም ልኬዋለሁ።

“ነገ ራስሽ ታስረጃቸዋለሽ” አለኝ።

“የማነበው እኔ አይደለሁም” የሚለው ቃል አመለጠኝ። የጓደኛዬንም ነገር አንድ በአንድ ነገርኩት።

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ጺሙን አሻሸ።

“ጓደኛሽ ሙከየፍ ጠጋኝ አባት አላት?”

“የላትም።”

“ስለ ገንዳው ቢጠይቋትስ ምን ትላለች?”

“ምንም።”

“ኻላስ፣ አለቀ! እንግዲያ ጉሮሮሽ ተሽሎታል።”

በማግስቱ ጠዋት ጓደኛዬን ክፍሉ በር ላይ ጠብቄ እኔው እንደምናገር ነገርኳት። ተራዬ ሲደርስ ወጣሁ። መጀመሪያ ሥዕሉ ስህተት መሆኑን ተናገርኩ፤ ከዚያም ጠመኔ አንስቼ ሰሌዳው ላይ ገንዳውን ከማብላያው በላይ ሳልኩት። ከኋላ ወንበር አንዱ “አይሰማም!” አለ። ጠመኔውን አስቀምጬ፣ ፊቴን ወደ እነሱ አዙሬ፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ጮክ ብዬ።