ደብዛዞቹ ከዋክብት

ሐሙስ ጠዋት የፈረቃ አውቶቡሳችን ከኮከብ ማያው ተራራ ወደ ኤልኪ ሸለቆ ሲወርድ፣ ሁልጊዜ ከሹፌሩ ኋላ የምትቀመጥ ሴትዮ አለች። ስሟን አላውቅም። እኔ የወጥ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ እሷ የከዋክብት ተመራማሪ ናት። ግራጫ ሹራቧ ክርኑ ላይ በሌላ ቀለም ክር ተጠግኗል። ከቁርሱ ሁለት ዳቦ ትወስዳለች፤ አንዱን መንገድ ላይ ትበላለች፣ ሌላውን በመሐረብ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ ታኖረዋለች።

«ዶክተርዬ፣» አላት ሹፌሩ ዶን ኤሌውቴሪዮ ባለፈው ሐሙስ፣ «ሰማዩን የሞሉት እነዚያ ግዙፎቹ ከዋክብት ናቸው አይደል?»

«አይደሉም። ግዙፉ ደማቅ ስለሆነ ከሩቅም ይታያል። ደብዛዛው ግን ቅርባችን ካልሆነ አይታየንም። መዝገባችንን ግዙፎች ስለሞሉት ሰማዩንም ሞልተውታል ማለት አይደለም። የሚበዙት ደብዛዞቹ ናቸው።»

«እንደኛ ከንቲባ በይኛ! አንድ ሰው ሆኖ ጩኸቱ የመንደር ነው።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እሷም ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ግን ከመንገዱ አልተነሳም። ከወይን እርሻው ማዶ ካለው ቤቷ ስንደርስ ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። መስኮቶቹ እንደ ወትሮው ተዘግተዋል።

«ብቻሽን አይከብድሽም? ይሄን ያህል ዓመት ሳልፍ፣ እዚህ ቤት ሌላ ሰው አይቼ አላውቅም እኮ።»

ዳቦውን ይዛ ወረደች። «ስላላዩት የለም ማለት ነው፣ ዶን ኤሌውቴሪዮ?»

ቁልፍ አላወጣችም። በሩን ቀስ አድርጋ አንኳኳችና ቆመች። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በሩ ከውስጥ ገርበብ አለ፤ አንዲት ቀጭን እጅ ወጥታ ዳቦውን ተቀበለች።