በሰላም ስም የተጫነው ሻንጣ

ትርንጎን ያወቅኋት ሪያድ፣ ጉበይራ በሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ለስድስት ተከራይተን ስንኖር ነው። እሷ ሱወይዲ ሰፈር ባለ የሰርግ አዳራሽ በጽዳት ትሠራ ነበር፣ እኔ ልብስ ስፌት ቤት። ከስድስታችን ቃሏ የሚታመነው እሷ ነበረች። አገር ቤት የምትገባ ሴት ስትገኝ ሁላችንም ዕቃ ለመላክ እንሻማለን፤ ትርንጎ ግን ውስጡን ያላየችውን አትይዝም፣ ያላሳየችውንም አትልክም። አንዷ ከአሠሪዋ ቤት ሽቶ ደብቃ ብታመጣ ሳምንት ሙሉ አኩርፋታለች። ይህን ታሪክ ከራሷ አፍ ባልሰማው ኖሮ አላምንም ነበር።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት በግንቦት ነው። የአራት ዓመት ኮንትራቷ አልቆ፣ በስሙ ያስመጣት ዐረብ፣ ከፊል የሚሉት፣ የመውጫ ወረቀቷን ጨርሶላት ነበር። ደብረ ብርሃን ያለው ወንድሟ ልዑልሰገድ የሞባይል መጠገኛ ሱቅ ከፍቶ ስለነበር፣ ስትመጣ ባትሪ እንድትይዝለት ለመናት። እሷም ጉበይራ ሞባይል የሚጠግነው ጣሂር ዘንድ ሄዳ ስልሳ ባትሪ ገዛች። ጣሂር ከሐበሻ ወላጆች ሪያድ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው ግማሹ አረብኛ የሆነ ሰው ነው። ስልሳ መብዛቱን ነግሮ፣ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ በሚጫን ሻንጣ ፈጽሞ እንዳታስገባው፣ የምትይዘውንም ጥቂት አድርጋ፣ የእያንዳንዱን ጫፍ በፕላስተር ሸፍና በእጇ እንድትይዘው መከራት።

«ብረት ከነካው ይግላል። እህቴ፣ ወላሂ ይሄ ነገር እሳት ነው» አላት።

ሰምታዋለች። ግን በእጄ ከያዝኩት ይወስዱብኛል ብላ ፈራች። ምግብ የሚሸፈንበት ያ የሚያብረቀርቅ ብርማ ወረቀት ከተጠቀለለበት የፍተሻው ማሽን አያየውም ሲባል ሰምታ ነበር። ስልሳውንም ባትሪ እንዳለ በዚያ ወረቀት ጠቀለለችና ብርድ ልብስ መሃል ሸሽጋ ሻንጣ ውስጥ ከተተችው። ለኛም አላሳየችንም።

በዚያው በረራ ትርንጎን የምታውቅ ሰላም የምትባል ልጅ ትሄድ ነበር። ራውዳ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። አባቷ ሞቶባት ለአርባው ለመድረስ ነበር የምትጣደፈው። በረራው ሐሙስ፣ አርባው እሑድ። ጓዟ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ብቻ ነበረች። ዕቃ የሚመዘንበት ጋ ሲደርሱ የትርንጎ ሁለተኛ ሻንጣ ከተፈቀደው ኪሎ አለፈ። ሰላም፣ ምን ችግር አለው፣ በኔ ስም ይግባ አለች። ሠራተኛው ስሟን የያዘውን ወረቀት ሻንጣው ላይ አስሮ፣ ባትሪ ወይም ጋዝ አለበት ወይ ብሎ በአረብኛ ጠየቃት። ሰላም ወደ ትርንጎ ዞረች።

«የለም አይደል?»

«የለም» አለች ትርንጎ።

መሳፈሪያው በር ፊት ለፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ ሁለት የአየር ማረፊያው ሰዎች የሰላምን ስም እየጠሩ መጡ። እርስ በርሳቸው በፍጥነት ሲነጋገሩ ትርንጎ «ዱኻን» የሚለውን ቃል ለየች። ጭስ ማለት ነው። ሰላም አልሰማችም። ኪሎ በዝቶ ይሆናል፣ መጣሁ ብላ ተከተለቻቸው።

ከዚህ ወዲያ ያለውን ስትነግረኝ ትርንጎ ፊቷን ከኔ አዞረች። ሃያ ደቂቃ ያህል ጊዜ ነበራት። ተነስታ ሻንጣው የኔ ነው ለማለት የሚበቃ አረብኛ ነበራት። ግን የሚባረሩ ሰዎች የሚታጎሩበት ተርሒል ታሰባት፤ የመውጫ ወረቀቷ ታሰባት። ያጣራሉ፣ ይለቋታል፣ እሷ ምንም አላደረገችም ብላ ለራሷ ነገረች። ከዚያ ሠራተኛው «ያላ፣ ያላ» እያለ ሰዉን አሰለፈ።

«እግሬ ከሰልፉ ጋር ሄደ» አለችኝ። መልሳ ደግሞ «እግሬ አይደለም። እኔ ነኝ የሄድኩት» አለች።

አውሮፕላኑ ተነሳ፤ ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ቦሌ ላይ የሰላም ወንድም መስፍን ጥቁር ለብሶ ይጠብቅ ነበር። ሰላም ከትርንጎ ጋር እንደምትመጣ ነግራው ነበርና፣ እህቱ የት እንዳለች ሲጠይቃት ትርንጎ ወረቀቷ ላይ ትንሽ እክል አለ፣ ነገ ትመጣለች አለችው። እሱም አመስግኗት ሻንጣዋን ተሸክሞ ታክሲ አሳፈራት።

ደብረ ብርሃን ስትደርስ ለልዑልሰገድ የሆነውን ነገረችው። በምን ጠቅልላው እንደነበር ሲሰማ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። ያ ወረቀት ራሱ ብረት ነው፣ ባትሪዎቹን እርስ በርስ ያገናኘው እሱ ነው አላት። ከዚያም «እሳቱ አየር ላይ ቢነሳ ኖሮስ? ስንት ሰው ነበር አብሮሽ?» አለ። እስከዚያች ሰዓት የምታስበው ፖሊስን ብቻ ነበር። ከፊት ወንበር ላይ እናቷ ትከሻ ላይ ተንጠልጥላ ስትስቅላት የነበረች ሕፃን ያኔ ትዝ አለቻት።

እሑድ አዲስ አበባ ወርዳ አርባው ላይ ተገኘች። ሰላም አልመጣችም። እናቷ ወይዘሮ የሺመቤት ግን የልጄ ጓደኛ ናት ብለው ከድንኳኑ ሰው ሁሉ አስበልጠው ከጎናቸው አስቀመጧት፤ በእጃቸው አጎረሷት። ጉርሻውን እንደዋጠች ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው።

ወይዘሮ የሺመቤት «ጥለሻት ስትሄጂ አይታሻለች?» ብለው ጠየቋት።

«አላየችኝም፣ እማማ።»

«እንግዲያው አንቺው ንገሪያት። እኔ ለልጄ እንዲህ ያለ ነገር አልነግራትም።» ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞሩ።

ሰላም የመጣችው ማክሰኞ ነው። ሻንጣው ገና ሳይጫን ዕቃ ክፍል ውስጥ ጨሶ፣ ሠራተኞቹ አጥፍተውት ኖሯል፤ ማንም አልተጎዳም። እሷን ግን አሠሪዋ መጥቶ እስኪመሰክርላት ድረስ አቆይተዋታል። ቦሌ ላይ ከመስፍን ኋላ የቆመችውን ትርንጎን ስታይ ሮጣ አቀፈቻት።

«አንቺንም እንዳያስቀሩሽ ብዬ የኔ ነው አልኳቸው» አለቻት። «የማን ባትሪ ነው ግን? ማን ከተተብሽ?»

ትርንጎ እዚያው ቆማ ነገረቻት። ባትሪውን፣ ወረቀቱን፣ ጭስ የሚለውን ቃል መስማቷን። ሰላም እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። አልጮኸችም፣ አልሰደበቻትም። «ጠይቄሽ ነበር እኮ» አለችና ከወንድሟ ጋር ሄደች።

በዓመቱ ትርንጎ ሽማግሌ ልካ ይቅርታ ጠየቀች፤ ሰላምም ይቅር አለች። ከዚያ ወዲያ ግን አንዷ ከሌላዋ ቤት አልሄደችም። ትርንጎ ሪያድ አልተመለሰችም፤ ደብረ ብርሃን ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እዚያ ሄጄ ያየኋት ጊዜ ነው። ስሰናበታት፣ ስለ እሷ ሲጠይቁኝ ለጉበይራ ሴቶች ምን ልበላቸው አልኳት። ሁሉንም እንድነግራቸው፣ ምንም እንዳልቀንስላት ለመነችኝ።

«ደህና ሰው ናት ይሉኛልና፣ እሱ ነው የሚከብደኝ» አለች።