«አላመንኩም»

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ስለ አያቴና ስለ አንዲት ቃላቸው ብቻ ነው።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ እንደገባሁ የወንጀል ልብ ወለድ መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ረቂቅ ያሳየኋቸው ጓደኞቼ ሁሉ «አሪፍ ነው» ብለው መለሱልኝ። እውነቱን የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ ሀዋሳ አዲስ ከተማ ሰፈር ወዳለው የአያቴ ቤት ሄድኩና በረንዳው ላይ አነበብኩላቸው። ሐይቁ ዳር ሬሳ ይገኛል፤ መርማሪው ብቻውን ቆሞ ያስባል።

«አላመንኩም» አሉ።

«ምኑን አባባ?»

«ሀዋሳ ውስጥ ሰው ሞቶ መርማሪው ብቻውን ይቆማል? የሚያልፈው ባጃጅ ሁሉ ቆሞ አያይም? የሚያለቅስ ጎረቤትስ የት ሄደ? እሱንም ገደልሽው እንዴ?»

እየሳቅኩ ተናደድኩ። ደግሜ ጻፍኩት፤ እሳቸውም ደግመው «አላመንኩም» አሉ። አንድ ቀን «አመንኩ» ማሰኘት ምኞቴ ሆነ።

ከዚያ ታመሙ። ሐኪሙ እንደማይድኑ ለቤተሰቡ ነገረ፤ ቤተሰቡም እንደ ልማዳችን ከእሳቸው ደበቀ። እናቴ «አንቺን ይሰሙሻል፣ አንቺ ንገሪያቸው» ብላ ላከችኝ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ «ጨጓራ ነው አሉ፣ አባባ። በቅርቡ ይድናሉ» አልኳቸው።

ትኩር ብለው አዩኝ።

«አላመንኩም» አሉ። «ለእናትሽ ግን አመነ በያት።»

እንዳሉኝ ነገርኳት፤ እሷ አመነች።

በለቅሶው ድንኳኑ በጎረቤት ሞልቶ ነበር፤ መንገድ ላይ ባጃጆች ሁሉ ቆሙ። አሁን ረቂቁን ያነበበ ሁሉ ያደንቅልኛል፤ አንዱንም አላምንም። ቤተሰቡ ከበረንዳው ወንበራቸውን አንስቶታል። ያረፉት ሰኔ ሦስት ቀን ነው።