ክዳን ያለው ትል

«ባሕር የሌለው አገር ሰው፣ የባሕር ትል ምን ሊያደርግልህ ነው?» ጅግጅጋ ውስጥ ይህን ያልጠየቀኝ የለም። አብረውኝ ባዮሎጂ የሚያስተምሩት ባልደረቦቼ ሳይቀሩ ሻይ ቤት ተቀምጠው ይሳለቁብኝ ነበር። አንዱማ «ለዓሣ ማጥመጃ ይሆንሃል» አለኝና ሁሉም ሳቁ። ቆሽቴ አረረ። ከድንበሯ ከተማ ከአይሻ ቁርሱን በልቶ የተነሣ ሰው ለምሳ ባሕሩ ዳር ይደርሳል። የምንበላው ሩዝ፣ የምንለብሰው ሽርጥ የሚመጣው በዚያው በጅቡቲ ወደብ ነው። ከመርከቡ ሆድ ሥር ተጣብቆ የሚመጣውን ግን ማንም አይጠይቅም።

እኔ ጠየቅኩ። አዲሱ ባቡር ሥራ በጀመረ ሰሞን ጅቡቲ ያለ ዘመዴ ዘንድ ሄጄ፣ በአንድ የጀልባ ማሰሪያ ገመድ ላይ ነጭ የኖራ ቱቦ ሠርቶ የሚኖር ትል አየሁ። ይህ ዓይነቱ ትል ሲነኩት ቱቦው ውስጥ ይሸሸግና በሩን በክዳን ይዘጋል። ክዳኑ ከምስር ፍሬ ያነሰ ነው፤ ዙሪያውን እሾህ አለው፤ አንዱን ዝርያ ከሌላው የሚለየውም የእሾሁ ቅርጽ ነው። በአጉሊ መነጽር ያየሁት እሾህ ከማውቃቸው የዚያ ባሕር ትሎች የአንዱንም አይመስልም። በመርከብ ከሌላ ባሕር የመጣ ነው ብዬ ለክፍል ኃላፊያችን ደወልኩ። «አየሁ ማለት አይበቃም፤ ይዘህ ና፣ በማይክሮስኮፕ እናየዋለን» አለኝ። እውነቱን ነው። ሃያ የሚሆኑ ትሎችን ከነቱቧቸው አልኮል የሞላ ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ ባቡር ተሳፈርኩ። እነዚያን ሳቂዎች አፋቸውን ላስይዛቸው ነበር።

አዲጋላ ላይ ወረድኩ። ያሳደገችኝ የአባቴ እህት እዚያ ናት። እኔ ኤዶ እላታለሁ፣ እሷም መልሳ ኤዶ ትለኛለች፤ በሶማሊ ቤት አክስትና የወንድም ልጅ እንዲህ ነው የሚጠራሩት። እኔ የምተኛባት ክፍል ኤዶም የምትሰግድባት ናት። ጠርሙሱን መስገጃዋ አጠገብ ሳስቀምጥ «ምንድን ነው?» አለችኝ። አልኮል ነው ልበላት? ባይጠጣም አልኮል አልኮል ነው፤ በሷ ቤት ስሙም አይነሣም። «የባሕር ውሃ ነው» አልኳት። ትንሽ ውሸት መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ንዳድ ጣለኝ። አራት ቀን ሙሉ ኤዶ ግንባሬ ላይ እርጥብ ጨርቅ ስታደርግ፣ የፍየል ሾርባ በማንኪያ ስታጎርሰኝ ትዝ ይለኛል። በአምስተኛው ቀን ተነሥቼ ጠርሙሱን ስከፍት ግማቱ ወደ ኋላ መለሰኝ። ውሃው ደፍርሷል፤ ትሎቹ ሟሙተዋል።

«ኤዶ፣ ይህን ማን ነካው?»

«እኔ ነኛ። በሙቀቱ አፍስሶ መስገጃዬን አርሶታል። የቀረውም ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ሸተተኝ። የባሕር ውሃህ ተበላሽቷል ብዬ ደፋሁትና ንጹሕ ውሃ በጨው በጥብጬ ሞላሁልህ። አንተ ብትታመም እነሱ ይሙቱ?»

እሳት ለበስኩ። «አልኮል ነበር! አልኮል! ማን ንኪ አለሽ?» ብዬ ጮኽኩባት። በዚያች ሴት ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። ጠርሙሱን ይዤ ወጣሁና ግቢው አሸዋ ላይ ቱቦውንም ግማቱንም ደፋሁት። አሸዋውን በእግሬ መለስኩበት፤ ረገጥኩት።

ስመለስ ኤዶ መስገጃዋን ሳፋ ውስጥ ነክራ እያጠበች ነበር። አልተቆጣችኝም። «እንዲህ ረክሶ ስንት ሶላት ሰገድኩበት?» አለች ለራሷ፤ በጣቶቿም መቁጠር ጀመረች። አዲጋላ ውሃ በጀሪካን ነው የሚመጣው፤ እሷ ግን ሦስት ጊዜ አጠበችው። እኔ ቆሜ አየኋት። ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ ንዴቴ ገና አልበረደም ነበር።

በድሬዳዋና በሐረር አድርጌ ወደ ጅግጅጋ ስሄድ ሚኒባሱ ባቢሌ ላይ ቆመና ኦቾሎኒ ገዛሁ። እየፈለፈልኩ ቅርፊቱን ጭኔ ላይ ሳጠራቅም ነው የገባኝ። የትሉ ሥጋ ቢበሰብስ ክዳኑ ጠንካራ ነው፤ በጥቂት ቀን የጨው ውሃ አይጠፋም። የምፈልገው ደግሞ ክዳኑን ብቻ ነበር። ጠርሙሱ ሥር ተቀምጦ ነበር እኮ! በወንፊት ባጠልለው አገኘው ነበር። ይህን ደግሞ ለተማሪ የማስተምረው እኔ ነኝ። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል ይባላል። እኔ ደደቡ አፍስሼ ቀበርኩት።

በዓመቱ ተመልሼ ብሄድ ገመዱ ተቀይሯል፤ ትሉንም የትም አላገኘሁትም። እስከ ዛሬ ስሙን አላወቅኩም።

ያኔ ኃላፊያችን «ትሎቹስ?» ሲለኝ «አክስቴ በጨው ውሃ አበስብሳ ደፋቻቸው» አልኩት። ባልደረቦቼ ሰምተው በሳቅ ፈረሱ። አሁንም ሻይ ቤት ስንቀመጥ አንዱ ነገሩን ማንሣቱ አይቀርም፤ «የባሕር ትል በጨው ውሃ ያሳደገችው አክስትህ እንዴት ናት?» ይለኛል። ኤዶ መልካም ሴት ናት፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ሻዬን አማስላለሁ።