በአቦ ቀን የተነሣው ፊልም

ቅናት ከዕድሜ ጋር ይበርዳል የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሁሉም የፈለጉትን ያገኙ ናቸው። እኔ ጠጉሬ ገብስማ ከሆነ ቆየ፤ ቅናቴ ግን አንድ ጥርስ እንኳ አልወለቀበትም። የምቀናው በሹመት ወይም በርስት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የሚያዝንልኝ አላጣም ነበር። የምቀናው በአንዲት ካሜራ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ፣ ካሜራዋን በያዘው ሰው።

ጣልያን ከጎንደር ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። የምሠራበት መሥሪያ ቤት ሥራው ገበሬውን በፊልም ማስተማር ነው። አንዲት ማኪና፣ አንድ ፕሮጀክተር፣ መብራት የሚሰጥ ሞተርና በሁለት ቋሚ መካከል የሚወጠር ነጭ አቡጀዲ ይዘን ከገበያ ገበያ እንዞራለን። ፊልሞቹ ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጡ ነበሩ፤ እኔ ማይክሮፎን ይዤ የሚታየውን በአማርኛ እናገራለሁ። አንድ ጊዜ ደባርቅ ላይ የባሕር ማዶ ላም ስናሳይ፣ ከፊት የተቀመጠ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ይቺ ላም ናት ወይስ ጎተራ?» አለኝ። ላም መሆኗን ነገርሁት።

«እንግዲያውስ እሷን ተዉልንና ፊልሙን ውሰዱት» አለ።

ሕዝቡ ሳቀ። የዚያን ቀን ትምህርትም በዚሁ አበቃ።

ያገራችንን ገበሬ ላገራችን ገበሬ ማሳየት አለብን የሚለው ሐሳብ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው። ያመጣሁት እኔ ነኝ። አብሮን ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ ወዳገሩ ሲመለስ፣ እንደ ሰዓት የምትሞላ፣ ድምፅ የማትቀዳ ትንሽ የፊልም ካሜራ ትቶልን ሄደ። ስለ ፊልም አነሣስ ጎንደር ውስጥ የተገኘውን መጽሐፍ ሁሉ አንብቤ ነበር፤ የተገኘው ሁለት ነው። የሰዉን ኑሮ እንዳለ እያነሣሁ ዕድሜዬን ልጨርስ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም ብዬ ቆርጬ ነበር። ካሜራዋ ደግሞ አንዲት ብቻ ነበረች።

ባልደረባ ነበረኝ። ከእኛ ዘንድ ከመግባቱ በፊት ፒያሳ ፎቶ ቤት ውስጥ ይሠራ ስለነበር ፎቶ አንሺው እያልሁ ልጥራው። የነገሥታቱ ግንብ በበሩ በኩል ወለል ብሎ እየታየው፣ ሰዉን ሸራ ላይ በተሳለ ግንብ ፊት እያቆመ ሲያነሣ የኖረ ሰው ነው። መጽሐፍ አያነብም። ይህን እንኳ እችለው ነበር። ያልቻልሁት ሰው ሁሉ የሚወደው መሆኑን ነው። እኔ አንድ ግቢ ስገባ ውሻው ይጮኻል፤ ባለቤቱም፣ «ምን ፈለጉ?» ይለኛል። እሱ ሲገባ ውሻው ጅራቱን ይቆላል፤ ባለቤቱም ጠላ ይቀዳል። ምን እንደሚያደርግ ለማየት ብዙ ጊዜ ከኋላው ሆኜ ተመልክቼዋለሁ። ምንም አያደርግም።

አለቃችን ሁለታችንን ጠራንና እንዲህ አለ፦ «እያንዳንዳችሁ አንዳንድ አጭር ፊልም አንሡ። ስታነሡ ተረዳዱ። ሁለቱንም ኮላ ድባ ገበያ ላይ አሳያለሁ። የሕዝቡን ዓይን የያዘው ካሜራዋን ይይዛል፤ ሌላው ከማይክሮፎኑ ጋር ይኖራል።»

ፍርዱ ፍትሐዊ ነበር። ፍትሐዊ ፍርድ የሚወደድ የሚመስለው በሌላ ሰው ላይ ሲፈረድ ብቻ ነው።

የእኔ ፊልም ምንጭ አጥሮ ከከብት ስለ መጠበቅ ነበር። እያንዳንዱን ነገር አስቀድሜ ጻፍሁ፦ ሴቶቹ ከየት እንደሚመጡ፣ እንስራውን በየትኛው እጅ እንደሚይዙ፣ ማን ቀድማ እንደምትጎነበስ። ንጹሕ ነጠላ እንዲለብሱ አስጠነቀቅሁ። አንዲት ሴት፣ «ኧረ ጌታው፣ እኛ እንዲህ አድርገን ውሃ ቀድተን አናውቅም!» አለችኝ። «ዛሬ ትቀዳላችሁ» አልኋት። ፎቶ አንሺው ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ ተሸክሞልኝ ዋለ፤ አንድም አስተያየት አልሰጠም። ይህንንም በክፋት ቆጠርሁበት።

የእሱ ፊልም ኮሶዬ ላይ ዳገት አግድም ስለ ማረስ ነበር፤ ትልሙ ቁልቁል ከወረደ ጎርፍ አፈሩን ይዞት ስለሚሄድ። ማኪናዋ ለእሱ የተፈቀደችለት ለአንድ ረቡዕ ብቻ ነው። ማቆሚያውን በተራዬ ተሸክሜ በጉም ውስጥ ደረስን። ቀደም ብሎ የተስማማው ገበሬ ግን ነጭ ጋቢውን ለብሶ ደጁ ላይ ቁጭ ብሏል። በሬዎቹ ሣር ይነጫሉ።

«ምነው አያ፣ ተስማምተን አልነበረም እንዴ?» አለው ፎቶ አንሺው።

«ከኔ ጋርማ ተስማምታችኋል። ዛሬ ወሩ በገባ አምስት ነው፤ አቦ ነው። ከአቦ ጋር ግን አልተስማማችሁም።»

እኛ የቢሮ ሰዎች ቀን የምንቆጥረው በደመወዝ ስለሆነ አላስታወስነውም ነበር።

«ጥቂት ትልም ብቻ ነው፣ አያ። ለፊልም ነው።»

«በረዶው ለፊልም ነው ብሎ ያልፈኛል? በበዓል ያረሰ ሰው ጣጣው ለራሱ ብቻ አይደለም። በረዶው የሚመታው የሰፈሩን አዝመራ ሁሉ ነው። ከዚያ በኋላ ማን በሰላም ያኖረኛል? እናንተማ በማኪናችሁ እብስ ነው።»

ደስ አለኝ። ደስታዬን በሃይማኖተኛ ፊት ሸፍኜ፣ «እውነቱን ነው፤ እንመለስ» አልሁ። ፎቶ አንሺው ግን አልተከራከረም፤ አልተመለሰምም። ገበሬው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ስለ በሬዎቹ ይጠይቀው ጀመር። የትኛው ሰነፍ ነው? የትኛው ነው ጓደኛውን የሚያስለፋው? ጠላው መጣ። እኔም ቀንቼ ጠጣሁ። ሁለተኛው ጣሳ ላይ ገበሬው ራሱ ተነሣ።

«በሬ ማንሸራሸር ሥራ አይደለም» አለ። «ማረሻውን ልፍታው። ያለ ብረት እርሻ የለም።»

«ቀንበሩስ?» አልሁት።

«ቀንበር ተጭነው ቢንሸራሸሩ ማን ይጠይቃቸዋል? በሬ በዓል የለው!»

ማረሻውን ከእርፉ አውልቆ ድንጋይ ላይ አስቀመጠውና በሬዎቹን ጠመደ። ከዚያ ባዶውን እንጨት በለሰለሰው አፈር ላይ እየጎተተ ዳገቱን አግድም ይዞ ሄደ። ሲመለስ በራሱ ይስቅ ነበር።

ፎቶ አንሺውን ወደ ጎን ሳብሁት። «ብረት እንደሌለው ይታያል እኮ» አልሁት። «የሚያዩት ገበሬዎች ናቸው። ይልቅ ከሩቅ አንሣ።»

«ታዲያ ይታያ!» አለኝና ካሜራዋን ይዞ ይበልጥ ቀረበ። ባዶው እርፍ ከአጠገቡ ሲያልፍ እግሩን ሊነካው ምንም አልቀረው።

ፊልሞቹ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ውጭ አገር ሄደው ታጥበው እስኪመለሱ ክረምቱ አለፈ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ክረምት የለም። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ፎቶ አንሺውን የማጽናናበትን ቃል እመርጥ ነበር። ለስላሳ ቃል ነው የመረጥሁት፤ ያሸነፈ ሰው ለመለስለስ አይቸግረውም።

በጥቅምት ኮላ ድባ ወረድን። ጀንበር እንደ ገባች አቡጀዲውን ወጠርን። ከገበያ ያልተመለሰ ሰው ሁሉ ተቀመጠ፤ አለቃችንም ወንበር አስወጥቶ መሐላቸው ገባ። በሁለቱም ፊልሞች ላይ የምናገረው እኔ ነኝ። ለራሴ ፊልም ብዙ ገጽ ጽፌ ነበር። ፎቶ አንሺው ለእሱ ፊልም ምን እንደምናገር ብጠይቀው፣ «አንተ የመሰለህን በል» አለኝ።

በመጀመሪያ የእኔ ታየ። ሥዕሉ ጥርት ያለ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን በዚህ አልከራከርም። ሴቶቹ ነጫጭ ለብሰው፣ እኩል ተራርቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ምንጩ መጡ። ሕዝቡ ጸጥ አለ። ጸጥታውን ወድጄው ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ያን ጊዜ ከጨለማው ውስጥ አንዲት ሴት በሐዘን ድምፅ ጠየቀች፦

«ምነው፣ ማን ሞቶባቸው ነው?»

ከዚያ በኋላ የተናገርሁትን አላስታውስም። ከጎን ያሉት ሰዎች ስለ ጤፍ ዋጋ ማውራት ጀመሩ።

ቀጥሎ የእሱ መጣ። ገና በሬዎቹ ብቅ ሲሉ ሰው ወደ ፊት ተሳበ። ያኛው ሰነፍ ነው፣ ይኸኛው ይጎትተዋል ይባባላሉ፤ ደግሞም ልክ ናቸው። «ይህ ገበሬ ዳገቱን አግድም እያረሰ...» ብዬ ጀመርሁ።

«አላረሰም!» አለ አንዱ።

«ማረሻው የት አለ? ቆይ! ኧረ ማረሻ የለውም!»

«በምኑ ነው የሚያርሰው፣ በምላሱ?»

«ይኸ የቢሮ ገበሬ ነው! ደመወዝተኛ ነው!»

ሳቁ ሜዳውን ሞላው። የሞተሩ ድምፅ እንኳ አይሰማም ነበር። ፎቶ አንሺውን አየሁት፤ ፕሮጀክተሩ አጠገብ ቆሞ አብሮ ይስቃል። ያዘጋጀሁለት የማጽናኛ ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

አንድ ቄስ መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው ሕዝቡን ጸጥ አሰኙ። «አንተ ተናጋሪው! ቀኑ ምን ቀን ነበር?» አሉኝ።

አለቃችን ዘወር ብሎ አየኝ። ከዚህ የተሻለ ዕድል ሊመጣልኝ አይችልም። ማይክሮፎኑን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ አንድም ሳልሸፍን ነገርኋቸው፦ ቀኑ አቦ እንደ ነበር፣ ገበሬው በረዶ ፈርቶ አላርስም እንዳለ፣ ማረሻውን ፈትቶ በሬዎቹን ብቻ እንዳንሸራሸረ፣ ፊልም አንሺውም ይህን እያወቀ እንዳነሣው። እንዲህ ጥርት ባለ ድምፅ ተናግሬ አላውቅም።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ «ኧረ ሸጋ ሰው!» አለ።

«አበጀ! አያ፣ እጅህ አይንጠፍ!» አለ ሌላው፣ ለአቡጀዲው።

«እኮ የመንግሥት ሰዎች ማረሻ አስፈትተው በዓሉን አከበሩለት?»

«አዎ፣ ሲል አልሰማህም?»

«እንግዲያውስ ይኸ እውነተኛ ገበሬ ነው። ድገሙት!»

ፊልሙ እንደ ገና ተጠምጥሞ ታየ። በሁለተኛው ላይ ማረሻውን ትተው ትልሙን ማየት ጀመሩ። ዳገት ላይ ቁራጭ መሬት ያለው አንድ ሰው፣ አግድም ሲሄዱ የታችኛው በሬ አይደክምም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም ነበር። ፎቶ አንሺው መለሰለት፤ ጠላውን ሲጠጣ ከገበሬው ሰምቶት ኖሯል። ቄሱም አንድ ሁለት ጥያቄ ጨመሩ። ስለ ምንጩ ፊልም የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።

ወደ ጎንደር ስንመለስ አለቃችን ከፊት ወንበር ሳይዞር ፈረደ። «እሱ ያንሣ፤ አንተ ተናገር። አንተ ባታብራራው ኖሮ ፊልሙ መሳቂያ ሆኖ ይቀር ነበር።»

ፎቶ አንሺው ጨለማው ውስጥ ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ። «አንተ ነህ ያወጣኸኝ» አለ። ሽሙጥ መስሎኝ ፊቱን ለማየት ሞከርሁ፤ አይደለም፣ ከልቡ ነው። የሚያመሰግንህን ሰው መጥላት ይቻላል፤ ግን ብዙ ጉልበት ይጨርሳል።

ከዚያ በኋላ ያነሣቸውን ፊልሞች ሁሉ እየዞርሁ የተናገርሁት እኔ ነኝ። የኮሶዬውን ሳሳይ ግን መናገር አልተቻለኝም። የትም ብሄድ፣ ባዶው እርፍ ሲመጣ ሕዝቡ ይጮኻል፤ ይሳደባል፤ ከዚያ አንዱ ተነሥቶ በዓል መሆን አለበት ይላል፤ ከዚያ ይመርቁታል። ያሳመርሁትን ማብራሪያ አንድም ሰው ጠብቆ አያውቅም። በመጨረሻ እዚያ ቦታ ላይ ማይክሮፎኑን ዝቅ ማድረግ ጀመርሁ። አለቃችንም፣ «እዚያ ላይ ዝም ማለትህን ወደድሁት» አለኝ። በፊልም ሥራ ያገኘሁት ሙገሳ ይኸው ነው።

በኋላ ፎቶ አንሺው በዚያችው ፊልም ምክንያት ሙያውን እንዲያሻሽል ወደ ውጭ አገር ተላከ። ሲሄድ ካሜራዋ ለእኔ እንድትሰጥ ራሱ ለአለቃችን ለመነልኝ። በእሱ ልመና የተገኘች ብትሆን እንኳ እቀበላለሁ ብዬ ራሴን አዋረድሁ። አለቃችን ካሜራዋን በጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባትና ቆለፈባት፤ እሱ እስኪመለስ አቧራ እንዳይገባት።

በዚያው ሰሞን ፊልሙን ይዤ አዲ አርቃይ ወረድሁ። ማሳየቱን ጨርሼ ሽቦ ስጠቀልል አንድ ሰው ጠጋ አለኝ።

«ያነሣኸው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም። እሱ የለም፤ ውጭ አገር ነው።»

«ምነው፣ እንዲህ ያለ ሰው ምን ሊማር ሄደ? በል፣ ሸጋ አድርገህ አንሥተኸዋል ብሎሃል ያዲ አርቃይ ሰው ብለህ ንገርልኝ። እንዳትረሳ።»

አልረሳሁም። ቃል በቃል ጽፌ ላክሁለት፤ ቴምብሩንም የገዛሁት ከኪሴ ነው።