123456789 እና የሒሳብ መምህሬ

ዛሬ አምቦ መናኸሪያ የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ መምህሬን አገኘኋቸው፤ አቅፌያቸው አለቀስኩ። ሚኒባሱ ጥሎኝ ሄደ፤ ይሂድ!

ያኔ የተማርኩት በደርግ ጊዜ ነው። ሰሌዳው ላይ 123456789 ጽፈው «ይሄ ቁጥር ለዘጠኝ ያለ ቀሪ ይካፈላል?» አሉ።

ሁሉም ማካፈል ሲጀምር እኔ እጄን አወጣሁ። «አዎ! አሃዞቹ ሲደመሩ አርባ አምስት ይሆናሉ፤ አርባ አምስት ደግሞ ለዘጠኝ ይካፈላል።»

አባቴ ከትምህርት አስወጥቶ ሊድረኝ መሆኑን የሰሙት በዚያው ሰሞን ነው። ቤታችን ድረስ መጡ።

«ኦቦ፣ ይቺን ልጅ ከትምህርት አያስቀሯት» ብለው አባቴን ለመኑት።

አባቴም «ቶሌ» አለ፤ በኦሮምኛ እሺ፣ ትማር ማለቱ ነው።

እኔም ዛሬ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ሳመሰግናቸው ምን አሉኝ? «እኔ የለመንኩት አንድ ቀን ነው። የጎረቤቱን ወሬ ችለው ያስጨረሱሽ አባትሽ ናቸው።»

አባቴን በሕይወት እያለ አመስግኜው አላውቅም ነበር።

እናንተስ፣ ቤታችሁ ድረስ መጥቶ የለመነላችሁ መምህር አለ? እሺ ያለላችሁስ ማን ነው?